ስሙ ያልጠራ ተርብ፦ የዛፍ እባጭ ሰብስቦ ሠሪውን የመፈለግ መመሪያ

ቅጠል ወይም ቀንበጥ ላይ የወጣች ትንሽ እባጭ አይታችሁ ታውቃላችሁ። አብዛኛው ሰው በሽታ ነው ብሎ ያልፋታል። ፈንገስ የሚያወጣው እባጭ አለ፤ ክሽክሽና ማይት የሚባለው ደቃቅ ተባይ የሚያወጡትም አለ። ብዙ ጊዜ ግን እባጯን ብትሰነጥቋት ነጭ እጭ ተጠቅልሎ ታገኛላችሁ። እናቲቱ እንቁላሏን ቅጠሉ ሥጋ ውስጥ ትጥላለች፤ ዛፉም እዚያች ቦታ ላይ ለእጩ ቤትም ቀለብም የሚሆን ነገር ያበቅላል።

በዚህ ሥራ ከሁሉም የሚልቁት የኦክ ዛፍ ተርቦች ናቸው። ሲኒፒዴ የሚባለው ቤተሰብ አባላት ናቸው። ወደ 1,000 የሚጠጉ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። አብዛኞቹ ከጥቂት ሚሊ ሜትር አይበልጡም። እባጮቻቸው ግን አንዱ እንደ ብይ ክብ፣ አንዱ ጸጉራም፣ አንዱ እሾሃም፣ አንዱ ቅጠል ላይ እንደተሰፋ ቁልፍ ጠፍጣፋ ነው። የሚያስቸግረው ስማቸው ነው። ይሄኛው ራሱን የቻለ ዝርያ ነው ወይስ የዚያኛው ሌላ ትውልድ? በየትኛው ጂነስ (ተቀራራቢ ዝርያዎች አንድ ላይ በሚመደቡበት ወገን) ሥር ይግባ? ለብዙዎቹ ይህ ጥያቄ እስከ ዛሬ አልተዘጋም።

እኔ ጅማ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ኦክ የእኛ አገር በቀል ዛፍ አይደለም። በለጠ ገራ ደን ውስጥ ብትዞሩ አታገኙትም። እባጭ ሠሪ ተርብ ግን እዚህም ሞልቷል፤ ከተማችን ውስጥ ባሉት የባሕር ዛፍ ችግኞች ላይ አለ። የኦክ ተርብ አጥኚዎች ከመቶ ዓመታት በላይ ተቸግረው ያዳበሩት አሠራር ለእኛም ይሠራል። ከተማሪዎቼ ጋር የምጠቀምበትም እሱን ነው። ዓላማው ስሙን በግድ ማግኘት አይደለም። ስሙ ነገ ቢቀየር እንኳን የሰበሰባችሁት ነገር ዋጋ እንዳያጣ አድርጎ መያዝ ነው።

(ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከዛፉ ጀምሩ

ነፍሳቱን ከማየታችሁ በፊት ዛፉን እወቁ። ለእባጭ ሠሪ ተርብ ዛፉ የስሙ ግማሽ ነው። አንድሪከስ ኮላሪ የሚባለውን የኦክ ተርብ ውሰዱ። ያለ ወንድ የሚራባው ትውልዱ በእንግሊዝ ኦክ ቡቃያ ላይ እንደ ብይ ድብልብል ያለ እባጭ ያሠራል። ከዚያ የሚወጡት ሴቶች ግን እንቁላላቸውን የሚጥሉት ሌላ ዛፍ ላይ ነው፤ የቱርክ ኦክ ቡቃያ ላይ። ወንድና ሴት ያለው ትውልድ የሚወለደው እዚያ ነው። በ1830ዎቹ እባጩ ለቀለምና ለቆዳ ማልፊያ በሚሰጠው ታኒን ተፈልጎ ወደ እንግሊዝ ሲገባ መራባት የቻለው የቱርክ ኦክ አስቀድሞ ተተክሎ ስለጠበቀው ነው። ወረቀታችሁ ላይ «ኦክ» ብቻ ብላችሁ ብትጽፉ የዚህን ተርብ ታሪክ ግማሹን ጣላችሁት ማለት ነው።

የእኛም እንደዚያው ነው። «ባሕር ዛፍ» ብቻ አይበቃም። ቀይ ነው ወይስ ነጭ? ቀዩ ካማልዱሌንሲስ፣ ነጩ ግሎቡለስ የሚባለው ዝርያ ነው፤ ሌሎችም አሉ። እርግጠኛ ካልሆናችሁ አትገምቱ። የቅጠሉን የፊትና የጀርባ ፎቶ፣ የቅርፊቱን ፎቶ፣ ፍሬ ካለው ደግሞ ፍሬውን ያዙ። ዛፉን የሚያሳያችሁ ገበሬ ባርጋሞ ሊለው ስለሚችል እሱንም ጻፉ። በኋላ ተመልሳችሁ ስትጠይቁ ያ ስም ነው የሚያግባባችሁ። ችግኝ ይሁን ትልቅ ዛፍ ወይስ ከጉቶ የበቀለ ለምለም ቀንበጥ፣ ይህም ይጻፍ። የባሕር ዛፉ ተርብ አዲስ ለጋ ቅጠል ይወዳል።

ከዛፉ ቀጥሎ ቦታው ነው። እባጩ ቅጠሉ መሐል ባለው ትልቁ ደም ሥር ላይ ነው? በቅጠሉ እጀታ ላይ? ቀንበጡ ላይ? ቡቃያው ላይ? ሥሩ ላይ? ሁለት ተርቦች አንድ ዛፍ ላይ ኖረው የሚለያዩት በዚህ ብቻ የሆነበት ጊዜ አለ።

ዕቃው ቀላል ነው

የኦቾሎኒ ቅቤ ብልቃጥ፣ ላስቲክ፣ ሶፍት፣ መቀስ፣ 10 እጥፍ የሚያጎላ የእጅ ሌንስ፣ ከፋርማሲ የሚገዛ 70 በመቶ አልኮል፣ ክዳን ያላቸው ትንንሽ ጠርሙሶች። ስልክ ላይ የሚሰካ ማጉያ ሌንስ ካገኛችሁ ደግሞ ትልቅ ነገር ነው። ለብልቃጡ አፍ የነጠላ ቁራጭ አትጠቀሙ፤ ክፍተቱ ሰፊ ነው። የምንጠብቀው ተርብ ከ1 ሚሊ ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው፤ ሾልኮ ይወጣል። ስቶኪንግ ሁለት ጊዜ ታጥፎ ይሻላል።

እርሳስ አትርሱ። እስክሪብቶ አልኮል ሲነካው ይለቅና ጽሑፉ ይጠፋል። የእርሳስ ጽሑፍ ግን አልኮል ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። (ነገሩ ይገርማል፤ አውሮፓ ውስጥ ለዘመናት ሰነድ የተጻፈበት ጥቁር ቀለም ራሱ የሚሠራው ከኦክ እባጭና ከብረት ጨው ነበር። ታዋቂው ከሐላብ የሚመጣው እባጭ ነው። ያን እባጭ የሚያሠራው ተርብ በቆዩ መጻሕፍት ውስጥ ከአንድ በላይ በሆኑ ስሞች ነው የሚጠራው።)

ያልበሰለውን አትቁረጡ

ጀማሪዎች አረንጓዴውን እባጭ ይቆርጣሉ፤ ስለሚያምር። ቅጠሉ በማግስቱ ይጠወልጋል፤ እጩም አብሮ ይደርቃል። የባሕር ዛፉ ተርብ ከእንቁላል እስከ መውጣት ወደ 4 ወር ተኩል ይፈጅበታል። ይህን ሁሉ ጊዜ የተቆረጠ ቀንበጥ ሊቀልበው አይችልም። ስለዚህ ቀለሙን ተከታተሉ። እባጩ መጀመሪያ አረንጓዴ ነው። ቀጥሎ የሚያብረቀርቅ ሮዝ ይሆናል። ከዚያ ወዙ ጠፍቶ ደብዛዛ ቀይ፣ በመጨረሻ ቡናማ ይሆናል። የምትፈልጉት ደብዛዛ ቀዩን ነው። ቡናማው ላይ መርፌ የወጋው የመሰለ ክብ ቀዳዳ ካያችሁ ባለቤቱ ቀድሟችሁ ወጥቷል።

ከመቁረጣችሁ በፊት ዛፉ ላይ እንዳለ ፎቶ አንሱት። መጠኑን የሚያሳይ ማስመሪያ አጠገቡ ያዙ።

አንድ ሁለቱን እዚያው ሰንጥቁ። ስንት ክፍል አለው? በየክፍሉ ስንት እጭ አለ? ግድግዳው ወፍራም ነው ወይስ ስስ? በኦክ ተርቦች ዘንድ የእባጩ ውስጣዊ አሠራር ከተርቡ አካል ያላነሰ ማስረጃ ነው። ሳሉት። ጥሩ ሠዓሊ መሆን አያስፈልግም። የቀሩትን ሳትነኩ ውሰዱ።

ጅማ ላይ የሚያስቸግረው ሻጋታ ነው

ይህን ክፍል ሰፋ አድርጌ እጽፈዋለሁ፤ ከሌላ አገር የተጻፉ መመሪያዎች የሚሳሳቱልን እዚህ ላይ ነው። እነሱ እባጩ እንዳይደርቅ ውኃ ርጩበት ይላሉ። እኛ ጋ ዝናቡ ከበልግ ጀምሮ እስከ መስከረም መጨረሻ ይሄዳል። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,750 ሜትር ላይ ነው፤ ጠዋት ብልቃጡ ውስጡ ላብ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ውኃ ከረጫችሁበት በሳምንቱ እባጩ ነጭ ጸጉር ያበቅላል።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። የቀንበጡን ጫፍ ውኃ ባለባት ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ እሰካለሁ፤ አፏን በፎይል ዙሪያውን እዘጋለሁ። ቀንበጡ ይጠጣል፤ ብልቃጡ ግን አይረጥብም። ታች የታጠፈ ሶፍት አነጥፋለሁ፤ ሲርስ እቀይራለሁ። ብልቃጡን ፀሐይ የማይመታው፣ ብርሃን ግን ያለበት መደርደሪያ ላይ አኖራለሁ። መስኮት ላይ አታስቀምጡት። የከሰዓቱ ፀሐይ ብልቃጥ ውስጥ ያለን ነገር ይቀቅላል።

ብዙ ቀንበጥ ካላችሁ የጫማ ካርቶን ይሻላል። ክፍተቱን ሁሉ በፕላስተር ዝጉ። በአንድ ጎኑ ቀዳዳ አብጁና የጠራ ጠርሙስ አፉን ወደ ውስጥ አድርጋችሁ ሰኩበት። ከእባጩ የሚወጣ ተርብ ወደ ብርሃን ይሄዳል። ካርቶኑ ጨለማ ስለሆነ ሁሉም ጠርሙሱ ውስጥ ይሰበሰባሉ። ተማሪዎቼ ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት ይሄንን ነው። ጠዋት ክፍል ከመግባታቸው በፊት ጠርሙሱን ያያሉ።

አንድ ካርቶን፣ አንድ ዓይነት እባጭ፣ ከአንድ ዛፍ። ይህን ሕግ አትሻሩ። የሁለት ዛፍ ቀንበጥ ከቀላቀላችሁ ከማን ማን እንደወጣ የሚነግራችሁ የለም።

የወጣው ሁሉ ሠሪው አይደለም

አሁን ጠርሙሱ ውስጥ ተርብ አለ። «አገኘነው!» ትላላችሁ። ቆዩ። ከአንድ እባጭ ሦስት ዓይነት ነዋሪ ሊወጣ ይችላል።

አንደኛው ሠሪው ራሱ ነው። ሁለተኛው ደባል ነው፤ ቤቱን አልሠራም፣ ሌላው ባሠራው እባጭ ውስጥ ተጠግቶ ይበላል፣ ባለቤቱን አስርቦ የሚገድልበትም ጊዜ አለ። ሦስተኛው ገዳይ ጥገኛ ነው፤ እናቱ እባጩን ወግታ እንቁላሏን በሠሪው እጭ ላይ ትጥላለች፤ ልጇ ባለቤቱን በልቶ ያድጋል።

ይህን በዓይናችሁ ለማየት ኦክ አገር መሄድ አያስፈልግም። የበሰለ ሾላ ሰንጥቁ። ውስጡ ያሉት ደቃቅ ተርቦች ያደጉት አበቦቹን እባጭ አድርገው ነው። በአፍሪካው ሾላ ሴራቶሶለን አራቢከስ የምትባለው ተርብ አበባውን ታራክባለች። ዘመዷ ሴራቶሶለን ጋሊሊ ግን ከዚያው ፍሬ ትወለዳለች እንጂ አታራክብም። ሁለቱም ከአንድ ሾላ ይወጣሉ። በአንድ ቤት መገኘት አንድ ሥራ መሥራት ማለት አይደለም።

ኦክ ላይ መለያው እንዲህ ነው። ሠሪው ተርብ ሆዱ ከጎንና ከጎን ጠፍጠፍ ያለ ነው። አንቴናው ክር የመሰለ ነው፤ እንደ ክርን አይታጠፍም። የፊት ክንፉ ላይ ጥቂት ግን ግልጽ ደም ሥሮች አሉ፤ ወደ ክንፉ ዳር ሦስት ማዕዘን የመሰለ ክፍል ይሠራሉ። ገዳይ ጥገኞቹ በአብዛኛው ካልሲድ የሚባሉት ናቸው። አንቴናቸው ይታጠፋል፤ ክንፋቸው ላይ ከፊት ጠርዝ ካለችው አንዲት መስመር በቀር ደም ሥር የለም ማለት ይቻላል፤ ብዙዎቹ እንደ ብረት አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ያብረቀርቃሉ። ስለዚህ ከኦክ እባጭ አብረቅራቂ አረንጓዴ ተርብ ከወጣ ሠሪው አይደለም ብትሉ እምብዛም አትሳሳቱም። የሚያስቸግረው ደባሉ ነው። ሲነርገስ የሚባለው ደባል የሠሪው ሥጋ ዘመድ ነው፤ መልኩም ይመሳሰላል። ለእሱ ማይክሮስኮፕና የሠለጠነ ዓይን ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ አደራ የምለው አለ። ይህን የኦክ ሕግ ይዛችሁ ወደ ባሕር ዛፍ አትምጡ። የባሕር ዛፉ እባጭ ሠሪ ሌፕቶሳይቤ ኢንቫሳ ራሱ ካልሲድ ነው። ቡናማ ሆኖ ሰማያዊና አረንጓዴ የብረት ወዝ አለው። ጠላቶቹም ካልሲዶች ናቸው። ኳድራስቲከስ ሜንዴሊ የሚባለው ገዳይ ጥገኛው ከዚያው ከዩሎፊዴ ቤተሰብ ነው። ሠሪና ገዳይ የአጎት ልጆች ናቸው። ስለዚህ በቀለም አትፍረዱ። እባጮቹን አንድ በአንድ ለይታችሁ በየጠርሙሱ አኑሩ። ማን ከየትኛዋ እባጭ በየትኛው ቀን እንደወጣ ጻፉ። ባዶዋን እባጭ ደግሞ አትጣሏት። ስትሰነጠቅ ውስጧ የተበላ እጭ ቅሪት ከተገኘ የወጣው ገዳይ እንግዳ እንጂ ባለቤቱ አልነበረም።

አንድ ዝርያ፣ ሁለት መልክ

የኦክ ተርቦች ስም እንዲህ የተወሳሰበበት ትልቁ ምክንያት ትውልድ መፈራረቃቸው ነው። ብዙዎቹ በዓመት ውስጥ ሁለት ትውልድ አላቸው። አንደኛው ሴቶች ብቻ ናቸው፤ ያለ ወንድ ይወልዳሉ። ሁለተኛው ወንድና ሴት አለው። የሁለቱ እባጭ አይመሳሰልም፤ የሚወጣበት ቦታ ይለያል፤ ተርቦቹም ራሳቸው መልካቸው ይለያያል።

ባዮራይዛ ፓሊዳ የምትባለውን የኦክ ተርብ እዩ። በጸደይ ቡቃያ ላይ እንደ ትንሽ ፖም ያለ ለስላሳ እባጭ ታሠራለች። ከዚያ የሚወጡት ወንዶችና ሴቶች ይገናኛሉ፤ ሴቶቹ አፈር ገብተው ሥሩ ላይ እንቁላል ይጥላሉ። ከሥሩ እባጭ ክንፍ የሌላቸው ሴቶች በክረምቱ ብርድ ወጥተው ግንዱን በእግራቸው እየወጡ ቡቃያው ጋ ይደርሳሉ። የጥንት ሊቃውንት ክንፍ የሌላትን አይተው አፕቴራ አሏት፤ የቡቃያዋን ቴርሚናሊስ አሏት። ሁለት ስም፣ ሁለት ዝርያ፣ አንዲት ተርብ።

ይህን የፈታው በወረቀት ላይ ክርክር አይደለም። ሄርማን አድለር የተባለ የሽሌስቪግ ሐኪም ትንንሽ ኦኮችን በማሰሮ ተክሎ፣ ተርቦቹን እላያቸው ላይ ለቅቆ፣ እንቁላል ሲጥሉ እያየ፣ የሚወጣውን እባጭ ጠበቀ። ውጤቱን በ1881 አሳተመ። እኔ ይሄን ሰው በጣም አከብረዋለሁ። የሠራበት ዕቃ ማንኛውም የጅማ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ሊገኝ የሚችል ነው፤ ማሰሮ፣ ችግኝ፣ መረብና ትዕግሥት።

ብዙ የኦክ ተርቦች ግን እስከ አሁን የሚታወቁት በአንደኛው ትውልዳቸው ብቻ ነው። ሌላኛው ምናልባት ገና አልተገኘም፤ ምናልባትም በሌላ ስም ተመዝግቦ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። ስለዚህ የኦክ ተርብ መዝገብ ስታነቡ ሁልጊዜ «የትኛው ትውልድ?» ብላችሁ ጠይቁ። ትውልዱ ያልተጻፈበት ስም ጎዶሎ ነው።

ስም ይሞታል፣ ይነሣልም

ምደባው ስለሚቀያየር ሳይንሱ አይታመንም የሚሉ ተማሪዎች ይገጥሙኛል። «ቲቸር፣ ታዲያ ለምን እንሸመድዳለን?» ይሉኛል። ሁለት ታሪክ እነግራቸዋለሁ።

አልፍሬድ ኪንሲ በኋላ በሌላ ጥናት ዓለም ያወቀው አሜሪካዊ፣ ከዚያ በፊት የኦክ ተርብ ሰው ነበር። በሚሊዮን የሚቆጠሩ እባጮችንና ተርቦችን የያዘው ስብስቡ ዛሬ ኒው ዮርክ በሚገኘው የአሜሪካ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ነው። በ1937 ድሩዎንና ፌሮን የሚሉ ጂነሶች አወጣ። በኋላ የመጡ ሰዎች አያስፈልጉም ብለው አንድሪከስ ውስጥ ከተቷቸው። ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ፣ በ2022 ድሩዎን፣ በ2023 ፌሮን እንደገና ተነሥተው ቆሙ። ያስነሣቸው ምንድነው? የሰበሰባቸው ናሙናዎች ከነዛፋቸው፣ ከነእባጫቸው፣ ከነቦታቸው ተጽፈው መቆየታቸው ነው። አዲሶቹ አጥኚዎች ተመልሰው ማየት ቻሉ።

ሁለተኛው ቤሎኖክኒማ የሚባለው የኦክ ተርብ ጂነስ ነው። በዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ግዛቶች፣ ሁልጊዜ ለምለም በሆኑ ኦኮች ላይ፣ አንዱ ትውልድ ቅጠል ላይ ሌላው ሥር ላይ እባጭ ያሠራል። ስንት ዝርያ ነው የሚለው 160 ዓመት ሲያምታታ ኖረ። በ2021 ተመራማሪዎች የአካሉን ቅርጽ፣ ዲኤንኤውን፣ ዛፉንና እባጩን አንድ ላይ አይተው ሦስት ዝርያ ነው አሉ። አንዱን ማስረጃ ብቻ ይዘው ቢሆን አይፈታም ነበር።

ወደ እኛው ባሕር ዛፍ እንመለስ። ሌፕቶሳይቤ ኢንቫሳ ከአውስትራሊያ የመጣ ነው። በ2000 መካከለኛው ምሥራቅ ላይ ታየ፤ ያኔ ስም እንኳን አልነበረውም። ስም ያገኘው በ2004 ነው፤ ጂነሱም ለእሱ ሲባል አዲስ ወጣ። ዛሬ አገራችንን ጨምሮ በብዙ የአፍሪካ አገሮች አለ። እሱም ቢሆን አልጠራም። የዲኤንኤ ጥናቶች ሁለት የተለያዩ የዘር መስመሮች እንዳሉት አሳይተዋል። መልካቸው አንድ ነው፤ ሁለት ዝርያዎች ሊሆኑ ይችላሉ የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። ከአካሉ ውስጥ ሪኬትሲያ የሚባል ባክቴሪያም ተገኝቷል፤ ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል። ሴቶቹ ያለ ወንድ መውለዳቸው ከዚህ ጋር ይያያዛል ተብሎ ይታሰባል። እንዲህ ዓይነት ባክቴሪያ ደግሞ በእናት በኩል የሚወረሰውን ዲኤንኤ ሊያዛባ ይችላል፤ በዚያች አንዲት የዲኤንኤ ቁራጭ ብቻ ዝርያ መቁረጥ የማይታመነው ለዚህ ነው።

አወይቱ ወንዝ ዳር ችግኝ የሚሸጡ አንድ አባት እባጭ ያለበትን ቅጠል አሳይተውኝ፦

«መምህር፣ ስሙን ካወቁት መድኃኒቱን ይንገሩኝ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ስሙ ገና ነው። ሁለት ሊሆን ይችላል ይላሉ» አልኳቸው።

«አንድ ሆነ ሁለት፣ ለእኔ ችግኝ ምን ይለውጣል?»

ጥያቄው ትክክለኛ ነው። መልሱ እንዲህ ነው። እጩ እባጩ ውስጥ ተሸሽጎ ስለሚኖር የሚረጭ መድኃኒት በደንብ አይደርስበትም። በብዙ አገር ተስፋ የተጣለው ገዳይ ጥገኛ ተርቦችን ፈልጎ መልቀቅ ላይ ነው፤ ደቡብ አፍሪካ ለዚህ ሴሊትሪኮዴስ ኔሴሪ የሚባለውን ለቅቃለች። ገዳይ ጥገኛ ደግሞ መራጭ ነው። ለአንዱ መስመር የሚሆነው ለሌላው ላይሆን ይችላል። እዚህ ያለው የትኛው እንደሆነ ሳይታወቅ የሚለቀቀው አይታወቅም። እሳቸውንም ያልኳቸው ይህንኑ ነው። እስከዚያው እባጭ ያለበትን ችግኝ ወደ ሌላ ወረዳ እንዳይሸጡ ለመንኳቸው፤ ተርቡ ሩቅ የሚሄደው በችግኝ ተጭኖ ነው።

ወረቀቱ ላይ ምን ይጻፍ?

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ውሰዱ። የእኔ ወረቀት ይህን ይመስላል፦

«ኢትዮጵያ፣ ኦሮሚያ፣ ጅማ ከተማ፣ አወይቱ ወንዝ ዳር፣ የችግኝ ቦታ፣ ወደ 1,750 ሜትር። ቀይ ባሕር ዛፍ (ባርጋሞ)፣ ችግኝ። እባጭ በቅጠሉ መሐል ደም ሥር ላይ፣ ደብዛዛ ቀይ። የተቆረጠበት ቀን። የወጣበት ቀን። የሰብሳቢው ስም። የእባጭ ቁጥር።»

የተርቡ ስም እዚህ ወረቀት ላይ የለም። ሆን ብዬ ነው። ስሙ ለብቻው በሁለተኛ ወረቀት ይጻፋል፤ ማን እንዳለው፣ መቼ እንዳለው፣ በምን እንዳለው ተጨምሮ። የመጀመሪያው ወረቀት ያያችሁት ነው። ሁለተኛው ያሰባችሁት ነው። ሁለቱ አይቀላቀሉ።

እርግጠኛ ያልሆነ ስም የሚጻፍበት የታወቀ መንገድ አለ። ጂነሱን አውቃችሁ ዝርያውን ካላወቃችሁ ከጂነሱ ቀጥሎ በላቲን ፊደል ኤስ እና ፒ ጻፉና ነጥብ አድርጉ። አንድን ዝርያ ይመስላል፣ ግን ገና ማነጻጸር ይቀራል ካላችሁ በጂነሱና በዝርያው ስም መካከል ሲ እና ኤፍ አስገቡ። ጂነሱም ካልታወቀ ቤተሰቡ ላይ ቁሙ። «ዩሎፊዴ፣ ከባሕር ዛፍ እባጭ» የሚል ወረቀት ከተሳሳተ ሙሉ ስም አሥር እጥፍ ይጠቅማል። ፎቶ ኢንተርኔት ላይ ስትለጥፉም እንዲሁ። ስልካችሁ በራሱ የሚያቀርበውን ስም ዝም ብላችሁ አትቀበሉ፤ ፎቶ ለይቶ የሚሰይም ፕሮግራም ብዙ ጊዜ ያየውን እንጂ ያለውን አይነግራችሁም።

ናሙናውን ለሁለት ክፈሉት። ጥቂቱን 70 በመቶ አልኮል ውስጥ ለቅርጽ ጥናት። ጥቂቱን ደግሞ 95 በመቶ አልኮል ውስጥ፣ ፍሪዘር ካለ ፍሪዘር ውስጥ፣ ለዲኤንኤ። ባዶዎቹን እባጮች አድርቁና በወረቀት ፖስታ አኑሩ፤ በላስቲክ ከሆነ ይሻግታሉ። ቁጥሩ በሦስቱም ላይ አንድ ይሁን።

ስትጨርሱ የቀረውን ቀንበጥ ውጭ አትጣሉት። ከነካርቶኑ አቃጥሉት፣ ወይም ጥቂት ቀን ፍሪዘር ውስጥ አቆዩት። ግን አትቸኩሉ። የመጀመሪያው ተርብ ከወጣ በኋላም ካርቶኑን ለሳምንታት አትክፈቱ። ገዳይ ጥገኞች ብዙ ጊዜ ዘግይተው ይመጣሉ፤ ከሁሉም የሚፈለጉት ደግሞ እነሱ ናቸው።

ለማሳየት ጅማ ውስጥ ዕድለኞች ነን። የዩኒቨርሲቲው የግብርናና የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ፤ መልኮ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል አለ። ወረቀቱ በደንብ የተጻፈ ናሙና ይዛችሁ ሂዱና አክብራችሁ ጠይቁ። ውጭ አገር ላለ ባለሙያ በፖስታ ልላክ ካላችሁ ግን ቁሙ። የዘረመል ሀብት ከአገር ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 482/1998 (ይህ ዓመት እንደ እኛ አቆጣጠር ነው) የሚገዛ ነው፤ ፈቃዱም ከኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው የሚጠየቀው። ፎቶ መላክ ትችላላችሁ።

ባለሙያው አይቶ ሌላ ስም ቢሰጠው የድሮውን ወረቀት አትቅደዱ፤ አትሰርዙትም። አዲሱን ጻፉና ከሥሩ ጨምሩ፤ ቀኑንና የባለሙያውን ስም አክሉበት። ሦስተኛ ስም ከመጣም ሦስተኛ ወረቀት ይጨመራል።